ለመሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛት በፊት፦ የጎጃም ወረዳና ዞን መሥሪያ ቤቶች የግዢ ጥያቄውን እንዴት ሊመረምሩት ይገባል?

በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከተገለጸ ወዲህ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መኪና በጠየቀ ቁጥር «ኤሌክትሪክ ለምን አይሆንም?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መምጣቱ አይቀርም። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ ነበር፤ የጉምሩክ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ገብቶ እዚሁ ለሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ግፊቱ ከላይም ከገበያም በኩል አለ። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ግን በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ፣ በሞጣ ወይም በቢቸና ተቀምጦ የግዢ ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ለመፈረም እጁ ለሚከብደው የፋይናንስ ኃላፊ፣ የንብረት አስተዳደር ባለሙያ፣ የስምሪት ኃላፊ ወይም የምክር ቤት አባል ነው።

የእጁ መክበድ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «እኛ አገር አይሠራም» ብሎ መቃወም ቃለ ጉባኤ ላይ ሲጻፍ ምክንያት አይሆንም፤ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ብሎ መፈረምም እንዲሁ። በእኔ እምነት ውሳኔው በመኪናው ዓይነት ላይ ከተመሠረተ መሳሳቱ አይቀርም፤ መመሥረት ያለበት መሥሪያ ቤቱ በየቀኑ በሚያደርገው ጉዞ ላይ ነው። አንዱ ጽሕፈት ቤት ካሉት አምስት መኪኖች ሁለቱ ዛሬውኑ ቢቀየሩ የማይጎዳ፣ ሦስቱ ግን ለብዙ ዓመታት መነካት የሌለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው እዚያው መዝገብ ቤት ውስጥ አለ።

አስቀድመው የሚተዉዋቸው ክርክሮች

ተጠራጣሪ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ ደካማውን ክርክር ይዞ በመነሣቱ ነው። ስለዚህ ወደ ስሌቱ ከመግባትዎ በፊት ከእጅዎ ማውጣት ያለብዎት አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው «አገሩ ራሱ መብራት የለውም» የሚለው ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከጣና ሐይቅ ውኃ የሚወስደው የበለስ ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ነው። እጥረቱ ያለው ኃይሉ ከማመንጫው ወጥቶ እስከ መሥሪያ ቤቱ ግቢ በሚደርስበት መሥመር፣ በተለይም በመጨረሻው ትራንስፎርመር ላይ ነው፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን። ሁለተኛው «ጭሱ ከመኪናው ወደ ማመንጫው ተዛወረ እንጂ አልቀረም» የሚለው ነው፤ ይህ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ለሚያመነጩ አገሮች ክብደት ያለው ክርክር ቢሆንም፣ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን ኤሌክትሪኳን ከውኃ ለምታገኝ አገር አይሠራም። ሦስተኛው ዝናብን የሚመለከት ነው። የአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ባትሪ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን በሚፈትን ደረጃ የታሸገ ስለሆነ፣ የሐምሌ ዝናብ ብቻውን አያጠፋውም። ሥጋቱ ከመኪናው ሆድ በታች ያለው ድንጋይ ነው፤ ይህም ቦታው ሲደርስ ይነሣል።

አራተኛው ከፍታ ነው፤ እዚህ ላይ እውነቱ ከሚገመተው ተቃራኒ ነው። በየወረዳው የምናውቀው ባለ 4.2 ሊትሩ አሮጌ ሀርድቶፕ ቱርቦ ስለሌለው ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚያገኘው አየር ይሳሳል፤ በየአንድ ሺህ ሜትሩም ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው በጮቄ ተራራ ጥግም ሆነ በዓባይ በረሃ ጉልበቱ ያው ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ፊት «ዳገት አይችልም» ማለት ራስን ማስገመት ነው። ዳገቱን መውጣቱ አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው ወጥቶ ሲያበቃ በባትሪው ውስጥ የሚቀረው መጠን ነው።

የስምሪት መዝገቡን ማውጣት

የመጀመሪያው ሥራ ካለፈው በጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ የእያንዳንዱን መኪና የጉዞ ማዘዣና የኪሎ ሜትር መዝገብ ማሰባሰብ ነው። መዝገቡ የተሟላ ካልሆነ፣ እንደ እውነቱም ከሆነ በብዙ ቦታ የተሟላ አይሆንም፣ ቢያንስ አንድ የበጋና አንድ የክረምት ወር መርጠው ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጠው ይሙሉት። ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ መኪናው በዕለቱ በጠቅላላ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ከዚያ ውስጥ አስፋልቱ፣ ጠጠሩና የበጋው መንገድ ስንት ስንት ነው፤ ስንት ሰውና ምን ያህል ጭነት ይዞ ነበር፤ ማታ የት አደረ፤ ጉዞው ከአንድ ቀን በፊት የታወቀ ነበር ወይስ ድንገት የታዘዘ።

ሰዎች አማካዩን ብቻ ይወስዳሉ፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። መኪናው በቀን በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሲባል ሁሉም ይረጋጋል፤ ነገር ግን ያ አማካይ የተገኘው አሥር ቀን ከተማ ውስጥ ውሎ በአሥራ አንደኛው ቀን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ በመሄዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኖቹን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደርድረው፣ ከመቶ ቀን ዘጠና አምስቱን የሚሸፍነው ርቀት ስንት እንደሆነ ይፈልጉ። የቀሩት አምስት ቀናት በሌላ መኪና መሸፈን የሚችሉ ከሆነ ችግር የለም፤ የማይችሉ ከሆነ ግን ለምሳሌ ጽሕፈት ቤቱ አንድ መኪና ብቻ ካለው፣ ውሳኔውን የሚወስኑት እነዚያ አምስት ቀናት ናቸው።

የማደሪያው ጉዳይ ከርቀቱ እኩል ክብደት አለው። በየማታው ወደ ዞኑ ግቢ የሚመለስ መኪና እና ለክትባት ዘመቻ ወጥቶ ለሳምንት በቀበሌ ጤና ጣቢያ የሚያድር መኪና አንድ ዓይነት ኪሎ ሜትር ቢያስመዘግቡም፣ ለቻርጅ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ናፍጣ በጀሪካን ይከተላል፤ ኤሌክትሪክ አይከተልም።

ከዚህ በኋላ መኪኖቹን በሦስት መክፈል ይቻላል። በከተማና በዙሪያዋ በአስፋልት የሚውሉ፣ ማታ ግቢ የሚያድሩ፤ በዋናው መንገድ ከከተማ ከተማ የሚመላለሱ፤ ወደ ቀበሌ የሚወርዱ። የመጀመሪያዎቹ ለለውጥ የተዘጋጁ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ስሌት ይፈልጋሉ። ሦስተኛዎቹን፣ አሁን ገበያ ላይ በሚታዩት ዝቅ ያሉ አውቶሞቢሎች የመቀየር ሐሳብ ከቀረበልዎ ያለ ብዙ ማመንታት ውድቅ ያድርጉት። ባትሪው የሚቀመጠው በመኪናው ወለል ሥር ነው፤ በዋልካ መንገድ ላይ በክረምት የተቆፈረ የጎማ ቦይና በመሐሉ ቆሞ የቀረ ድንጋይ የሚያገኘው ያንን ሆድ ነው። የናፍጣ መኪና ካርተሩ ቢመታ ብየዳ ሊያድነው ይችላል፤ የተመታ ባትሪ ግን ተፈትሾ ደኅንነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ሰው የሚጫንበት አይደለም፤ የሚመረምረው ባለሙያም በወረዳው ከተማ አይገኝም።

የካታሎጉን ርቀት ወደ ጎጃም ርቀት መመለስ

ካታሎጉ ላይ «በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በፈተና ክፍል ውስጥ የተገኘ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች የሚለኩበት የፈተና ሥርዓት ደግሞ ቀስ ባለ የከተማ ጉዞ ላይ ያመዘነ በመሆኑ ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ ነው። ለዕቅድ የሚሆን ቁጥር ለማግኘት እኔ የምመክረው ጥንቃቄ የበዛበት ስሌት ይህ ነው፦ የካታሎጉን ቁጥር 70 በመቶ ይውሰዱ፤ ከዚያ ላይ 20 በመቶውን ለመጠባበቂያ ይተዉ። 500 የነበረው 350 ይሆናል፤ ከ350ው ላይ የሚታቀድበት 280 ይሆናል። መኪናው ያገለገለ ከሆነ ወይም ለአምስትና ስድስት ዓመት እንዲያገለግል የሚታሰብ ከሆነ፣ ለባትሪው መድከም ሌላ አሥር በመቶ መቀነስ ጠንቃቃ ያሰኛል እንጂ ፈሪ አያሰኝም።

አሁን ቁጥሩን መሬት ላይ እናውለው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በእንጅባራ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ280 የዕቅድ ርቀት መኪናው ይደርሳል፤ ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ ቻርጅ ሳያደርግ አይመለስም። ስብሰባው ግማሽ ቀን ከሆነና ያረፈበት ቦታ ፈጣን ቻርጀር ከሌለው፣ የአንድ ቀን የነበረው ጉዞ የሁለት ቀን ይሆናል፤ የሾፌሩና የባለሙያው አበልም እንደዚያው። ይህ አበል በሻጩ የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም፤ እርስዎ ይጨምሩት።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። መንገዱ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። የዳገቱን ዋጋ በቀላሉ ማስላት ይቻላል፤ አንድ ቶን ክብደት አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ይፈልጋል። ሰውና ዕቃ ጭኖ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በየሺህ ሜትሩ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በሞተሩና በማስተላለፊያው የሚባክነው ሲታከልበት 8 ገደማ ያወጣል፤ ይህም ለመንከባለልና አየሩን ለመግፋት ከሚያወጣው በተጨማሪ ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን፣ በዚያች አጭር መንገድ ለሽቅቡ ብቻ ከስምንት አንዱ ያህል ይሄዳል ማለት ነው።

ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ ከወጣው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊመለስ ይችላል፤ የፍሬን ሸራም ይድናል፤ የዓባይን ቁልቁለት በጦፈ ፍሬን የወረደ ሾፌር የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ሁኔታ አለው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ደጀን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን የሚጀምር ሾፌር ኃይሉንም ያጣል፣ በተለመደው ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎም ይወርዳል። ደጀን የሚሞላ ሰው ሰማንያ በመቶ ገደማ ላይ ነቅሎ እንዲነሣ በስልጠናው ውስጥ መካተት አለበት። ከደብረ ማርቆስ ሞልቶ የሚነሣ ግን ደጀን እስኪደርስ በቂ ቦታ ስለሚፈጠር አያሳስበውም።

ስለዚህ በእነዚህ ቁጥሮች የአዲስ አበባው ጉዞ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ሳይሞላ በአስተማማኝ ሁኔታ አይጠናቀቅም። መሥሪያ ቤቱ በወር አንድ ጊዜ የሚያደርገው ከሆነ በአውቶቡስ ወይም በቀረው የናፍጣ መኪና ሊሸፈን ይችላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ መኪናው ለዚያ ሥራ አልተፈጠረም።

ትራንስፎርመሩ

ብዙ የግዢ ጥያቄ የሚያልፈው ይህ ክፍል ሳይታይ ነው፤ በእኔ ግምት ደግሞ የጎጃም ከተሞች ፈተና ከሁሉ በላይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሲሠራ 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 በመቶ ተነሥቶ እስኪሞላ 48 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በሶኬቱ ከነብክነቱ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጃል። በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ግን ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይነሣል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ትርጉም ያለው ባለ 7 ኪሎ ዋቱ ነው፤ እሱም የራሱ የተለየ መሥመር፣ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያና በትክክል የተሠራ የመሬት ገመድ ይፈልጋል። ለአሮጌ ሕንፃ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ከባድ ጭነት መስጠት ለእሳት መጋበዝ ነው፤ ሻጩ ከመኪናው ጋር የሚሰጠውን ተንቀሳቃሽ ገመድ በማራዘሚያ መጠቀምን ገና ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይከልክሉ።

አራት መኪኖች በአንድ ጊዜ በ7 ኪሎ ዋት ሲሰኩ 28 ኪሎ ዋት ይሆናል። ግቢውን የሚያበራው ትራንስፎርመር 50 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ፤ ከኪሎ ዋት ጋር የሚቀራረብ) ቢሆንና ሰፈሩም ከእሱ ላይ የሚጠቀም ከሆነ፣ መኪኖቹ ብቻቸውን ከአቅሙ ከግማሽ በላይ ይወስዳሉ፤ ያም ሰፈሩ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ከሆነ ትራንስፎርመሩ ይወድቃል፣ ወቀሳውም መሥሪያ ቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ግዢው ከመጽደቁ በፊት ለከተማው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማእከል በደብዳቤ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ግቢው የተገናኘበት ትራንስፎርመር አቅም ስንት ነው፤ በከፍተኛው ሰዓት ምን ያህል ተጭኖ ይገኛል፤ ተጨማሪ ኃይል ወይም የራስ ትራንስፎርመር ቢያስፈልግ ወጪውና ጊዜው ምን ያህል ነው። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ የግዢው ሰነድ እንዲቆይ ማድረግ እንቢታ አይደለም። የትራንስፎርመሩ ወጪ የመኪናው ወጪ አካል ነው፤ በሌላ የበጀት ርእስ ሥር ተደብቆ መቅረት የለበትም።

መልሱ በሚጠበቅበት ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግብ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ያለው ጊዜ በተለይ ይታይ፤ ቀን ላይ የሚጠፋ መብራት ለመኪናው ብዙም ግድ አይሰጠውም። አንድ ሌሊት ሙሉ ቢጠፋ መኪናው በነበረው ይውላል፤ ሁለት ተከታታይ ሌሊት ሲጠፋ ግን ሥራ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሁኔታ በዓመት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም የሚነግርዎ ይህ ደብተር ብቻ ነው።

«ጄኔሬተር አለን» የሚል መልስ ከመጣ አይሳቁበት፤ አስልተው ይዩት። መካከለኛ የናፍጣ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። መኪናው ከነብክነቱ በመቶ ኪሎ ሜትር 24 ቢፈልግ፣ 8 ሊትር ናፍጣ ይሆናል፤ ፒካፑ በዚያው ርቀት 11 ገደማ ይጠጣል። ለድንገተኛ ቀን የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ዘወትር እንዲያ መሥራት ነው፤ ያን ጊዜ የተገዛው የኤሌክትሪክ መኪና ሳይሆን ሁለት ቦታ ተከፍሎ የተቀመጠ የናፍጣ መኪና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቻርጀርና አንዳንድ መኪና የሚታዘዘው በስልክ መተግበሪያ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት ተቋርጦ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በካርድ ወይም በቁልፍ፣ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ቻርጀር ለዚህ አካባቢ አይገዛም።

ሂሳቡ

ነዳጅ በየጊዜው ዋጋው ስለሚቀያየር፣ የኤሌክትሪክ ታሪፍም በየደረጃው እየጨመረ ስለሆነ፣ የብር ቁጥር ከሌላ ሰነድ አይቅዱ፤ በስሌቱ ቀን ያለውን ዋጋ ያስገቡ። ዋናው ነገር ኪሎ ሜትሩ ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒካፕ በመቶው 11 ሊትር ሲጠጣ 2,200 ሊትር ይፈጃል፤ የኤሌክትሪኩ 4,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል። መኪናው በዓመት 8,000 ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን የሚድነው 880 ሊትር ነው፤ የግዢ ዋጋው ልዩነት፣ ቻርጀሩና መሥመሩ ከዚያች ቁጠባ የሚመለሱት በስንት ዓመት እንደሆነ ያካፍሉት። ብዙ የወረዳ መኪና የሚቆመው ሥራ ጠፍቶ ሳይሆን የነዳጅ በጀቱ ሰኔ ሳይደርስ ስለሚያልቅ ነው፤ ስለዚህ የትናንቱ ኪሎ ሜትር የነገውን ፍላጎት ላያሳይ ይችላል። በሁለቱም ቁጥር ያስሉት።

ከቁጠባው በኩል የሞተር ዘይት፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ፣ ቺንጋና ኖዝል ይቀራሉ። ከወጪው በኩል መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ የፊት እግር ዕቃዎችም በጠጠር መንገድ ላይ እንዲሁ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ የሚቀያየርበትን ፍጥነት ያየ ሰው፣ የዛሬን ፕሮፎርማ ይዞ የስድስት ወር በጀት አያቅድም።

በቃለ ጉባኤ ላይ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጉዳይም አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሰማው ተቃውሞ ሁሉ ስለ ባትሪ ከማሰብ የመጣ አይደለም፤ ከታንከር የሚቀዳ ናፍጣ አለ፣ ከባትሪ ግን የሚቀዳ የለም። ሐቀኛ ተጠራጣሪ ከዚህ ወገን ጋር እንዳይቆጠር ቁጥሩን ይዞ ይናገር።

የጨረታ ሰነዱ

እስከዚህ ደርሶ አንድ ወይም ሁለት መኪና ሊቀየር ይችላል የሚል ውጤት ከተገኘ፣ ቀሪው ጥርጣሬ ወደ ቴክኒክ መግለጫው ይግባ። ክልከላው በየትኛው የተሽከርካሪ ዓይነት ላይ እንደሚሠራ፣ ፒካፕና የመስክ መኪና ምን ደንብ እንደሚመለከታቸው በግዢው ወቅት ከሚሠራው መመሪያ ያረጋግጡ። ከዚያ በሰነዱ ላይ የሚከተሉት በግልጽ ይጻፉ።

የቻርጅ ሶኬቱ ዓይነት መወሰን አለበት። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ታይፕ 2ንና ሲሲኤስ 2ን። የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ግቢው ሁለት ዓይነት ቻርጀር ይፈልጋል። የመኪናው የስክሪን ቋንቋም ይጠየቅ፤ ሾፌሩ ሊያነበው በማይችል ቋንቋ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ አይባልም።

የባትሪ ዋስትና የተለመደው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን ጥያቄው ዋስትናውን እዚህ አገር የሚያከብረው ማን ነው የሚለው ነው። አምራቹ በአገር ውስጥ ወኪል ከሌለውና መኪናው በሦስተኛ ወገን የመጣ ከሆነ፣ የፋብሪካው ደብተር ላይ ያለው ቁጥር ለእርስዎ አይሠራም። ስለዚህ ዋስትናውን ራሱ ሻጩ በውል እንዲገባ፣ የአፈጻጸም ዋስትናም እንዲያስይዝ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ መመርመሪያ መሣሪያና የሠለጠነ መካኒክ እንዲኖረው፣ ይህ ካልሆነም የተበላሸውን መኪና በራሱ ወጪ ወደ አዲስ አበባ እንዲያጓጉዝ ይጻፍ። የሚያጓጉዘውም በጭነት መኪና ላይ እንጂ ጎትቶ መሆን የለበትም፤ የሚነዳው ጎማ መሬት ላይ እየዞረ የሚጎተት የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

በርክክብ ቀን የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ በመቶኛ ይመዝገብ፤ የተመረተበት ዓመተ ምሕረትም ይታይ። ወደብ ላይና ግቢ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆሞ የመጣ መኪና ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ቢሆንም ባትሪው አዲስ ላይሆን ይችላል። የመንገድ ሙከራው ደግሞ በሻጩ ግቢ ዙሪያ ሳይሆን በእርስዎ መንገድ ላይ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ ከደብረ ማርቆስ ደጀን ወርዶ እስከ ዓባይ ድልድይና ተመልሶ ይደረግ። ሲነሣና ሲመለስ የነበረው መቶኛ ፎቶ ተነሥቶ ከርክክብ ሰነዱ ጋር ይያያዝ።

አንድ መኪና፣ አንድ በጀት ዓመት

የመጀመሪያው ግዢ ከአንድ መኪና ባይበልጥ ይመረጣል። መኪናው በሐምሌ ሥራ ቢጀምር ይሻላል፤ በጥር የተጀመረ ሙከራ ክረምቱን ሳያይ ምስክርነት ይሰጣል። ለሁለት ሾፌሮች ሥልጠና ይሰጥ፤ አንዱ ሲዛወር ወይም ሲታመም መኪናው ቆሞ እንዳይቀር። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ፣ የሠፈር ጋራዥም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ሳይሠለጥን እንዳይነካቸው በቦርዱ ላይ ይለጠፍ።

የዕለት አያያዙ በባትሪው ዓይነት ይወሰናል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከሆነ አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ መቶ በመቶ እንዲሞላ ይመክራሉ፤ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ከሆነ ዘወትር ሰማንያ ላይ ማቆም ያስረጅመዋል። በጸጥታ ችግርም ይሁን በበጀት መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ ይተዉት፤ ባዶውንም ሙሉውንም አያቁሙት። ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ መርሳት የተለመደ ነው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሣም።

በመዝገቡ ላይ በየቀኑ የተነሣበት መቶኛ፣ የተመለሰበት መቶኛ፣ የሄደው ኪሎ ሜትርና ከግቢው ቆጣሪ የወሰደው ኪሎ ዋት ሰዓት ይጻፍ፤ ለዚህም ቻርጀሩ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፤ አለበለዚያ ወጪው ከቢሮው የመብራት ሂሳብ ጋር ተቀላቅሎ ማንም የማያውቀው ይሆናል። በመኪናው ምክንያት የተሰረዘ ወይም ወደ ሌላ መኪና የተዛወረ ጉዞ ሁሉ ከነምክንያቱ ይመዝገብ። የውስጥ ኦዲተሩ በየሩብ ዓመቱ ይህን መዝገብ እንዲያይ አስቀድሞ ይነገረው።

አምቡላንሱ በዚህ ሙከራ ውስጥ አይግባ። በሌሊት ከቆላ ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ለማምጣት የሚወጣ መኪና የዕለቱ ርቀቱም፣ መንገዱም፣ የሚመለስበት ሰዓትም አስቀድሞ አይታወቅም፤ ቻርጁ ስንት ቀረው የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅበት ጊዜም የለውም። ሌሎቹ ሁሉ ተቀይረው፣ ጋራዡም ለምዶት፣ በየጤና ጣቢያው ቻርጀር ከገባ በኋላ የሚነሣ ጉዳይ ነው።

አዲሱ መኪና ገባ ተብሎ አሮጌው ሀርድቶፕ ወዲያው ለሐራጅ እንዳይወጣም ይወሰን። የማስወገጃው ጥያቄ መቅረብ ያለበት የሙከራው ዓመት መዝገብ ተያይዞ፣ ያ መኪና በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜና ለየትኛው ቀበሌ እንደወጣ ተዘርዝሮ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ባትሪው እንዲሞላ፣ ጎማው እንዲነፋና በየአሥራ አምስት ቀኑ እንዲነሣ ለአንድ ሾፌር በስሙ ይሰጥ።